ለቫሪያብሎቼ ሁሉ መነሻ እሴት ሰጥቼ ሳለ የቡናው ክፍያ ለምን ተሳሳተ?

የሂርማታው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ለአንድ የቡና አምራቾች ማኅበር የአባላትን ክፍያ የሚያሰላ ፕሮግራም ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ አስተዳድራለሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ አሳጥሬ ባቀርበው ስህተቱ ያለበት ቦታ አብሮ እንዳይቆረጥ ፈርቼ ነው።

ፕሮግራሙ የአባላቱን ርክክብ ከዳታቤዝ አውጥቶ በፎርኢች ሉፕ አንድ በአንድ ያልፍባቸዋል። አባሉ ያስረከበው ቀይ እሸት ቡና ከሆነ በኪሎ 3 ብር ጭማሪ ይታሰብለታል፤ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ላስረከበ ግን ጭማሪ የለም። ስለዚህ በሉፑ ውስጥ ያለው ኢፍ «እሸት ነውን?» ብሎ ይጠይቅና አዎ ከሆነ ይህን ያደርጋል፦

$ጭማሪ = 3;

ኤልስ (አይደለም ከሆነ የሚሠራውን ክፍል) አልጻፍኩለትም፤ ጭማሪ ለሌለው ሰው የሚደረግ ነገር ስለሌለ የሚጻፍም የለም ብዬ ነበር። ከኢፉ በታች ሒሳቡ ይሠራል፦

$ክፍያ = $ክብደት * ($ዋጋ + $ጭማሪ);
$ድምር += $ክፍያ;

ባለፈው ሳምንት ገንዘብ ያዡ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አሳተሙት፤ አንዱን በስም ቅደም ተከተል፣ ሌላውን ደግሞ ጀንፈል ያስረከቡትን ከላይ፣ እሸት ያስረከቡትን ከታች አድርገው። ሰዎቹም ኪሎውም አንድ ሆኖ ሳለ ጠቅላላ ድምሩ ተለያየ፤ በስም ተራ የታተመው ከፍ ብሎ ተገኘ። በእጅ ሳመሳክረው 340 ኪሎ እሸት ካስረከበ አባል ቀጥሎ የተጻፈ፣ 85 ኪሎ ጀንፈል ብቻ ያመጣ ሰው፣ 255 ብር ያለአግባብ ተጨምሮለት አገኘሁ። እንደ እርሱ ያሉ ብዙ ናቸው።

ሎጉን፣ ማለትም የማስጠንቀቂያ መዝገቡን፣ ስከፍት ከጀንፈሉ ዝርዝር ኅትመት ጊዜ የቀሩ፣ $ጭማሪ የሚባል ቫሪያብል እንደሌለ የሚናገሩ ብዙ ማስጠንቀቂያዎች አየሁ። ለቫሪያብል ሁሉ መነሻ እሴት መስጠት ይገባል የሚለው ምክር ትዝ አለኝና በፋይሉ አናት ላይ $ድምር = 0; እና $ጭማሪ = 0; ብዬ ጻፍኩ። (ዋጋ የሚለውን ቃል ለቡናው ትቼ ለቫሪያብሉ «እሴት» እላለሁ፤ አለዚያ እኔው ራሴ እደናገራለሁ።) ማስጠንቀቂያው በሙሉ ጠፋ። ሁለቱ ድምሮች ግን አሁንም አይገናኙም። ምን አጎደልኩ?


አጋሮ_መንገድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ ሁለቱን ኅትመት አጠገብ ለአጠገብ ማቅረብህ ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። ፒኤችፒ ውስጥ ሉፕ የራሱ አጥር የለውም፤ በሉፕ ወይም በኢፍ ውስጥ የተፈጠረ ቫሪያብል ፈንክሽኑ እስኪያልቅ ድረስ፣ ከፈንክሽን ውጭ ከሆነም ፋይሉ እስኪያልቅ ድረስ፣ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ለእሸቱ ባለቤት 3 ተብሎ የተመደበው $ጭማሪ ሉፑ ወደ ቀጣዩ ሰው ሲሻገር አብሮት ይሻገራል፤ ጀንፈል ያመጣው ሰው ኢፉ ውስጥ ስለማይገባም ከፊቱ የነበረውን ሰው ጭማሪ ወርሶ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ይህን ልብ በል። ጀንፈሎቹ ከላይ በታተሙበት ዝርዝር $ጭማሪ ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ፒኤችፒ እንደ ነል፣ ማለትም ምንም እሴት እንደሌለው፣ ቆጠረው፣ ነል በመደመር ጊዜ እንደ ዜሮ ይታያል፣ ክፍያውም ትክክል ወጣ። ማስጠንቀቂያ የጮኸው ግን በዚያ ነው። በስም በተደረደረው ዝርዝር ላይ ደግሞ፣ እሸት ያመጣ ሰው አንዴ ካለፈ በኋላ ቫሪያብሉ «አለ» ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ክፍያው እየተሳሳተ ፒኤችፒ ምንም አላለም። ትክክለኛው ውጤት ጮኸ፣ የተሳሳተው ዝም አለ። አንተም የጮኸውን ዝም አሰኘኸውና ዝም ያለውን በቦታው ተውከው።

መፍትሔው ያችኑ መስመር ከፋይሉ አናት አንሥቶ የሉፑ የመጀመሪያ መስመር ማድረግ ነው። $ድምር = 0; ግን ባለበት ከሉፑ በላይ ይቆይ፤ ወደ ውስጥ ካስገባኸው በመጨረሻ የምታገኘው የመጨረሻውን ሰው ክፍያ ብቻ ይሆናል። ድምሩ ለመላው ዝርዝር የሚጠራቀም ነው፣ ጭማሪው የአንድ ሰው ነው፤ የእያንዳንዱ መነሻ የሚጻፈው ያ ሥራ በሚጀምርበት ቦታ ነው።


ሊሙ_ኮድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከፒኤችፒ 7.4 ጀምሮ አጠር ያለ አጻጻፍ አለ። በሉፑ ውስጥ ሁለት የጥያቄ ምልክት ከእኩል ይሆናል ጋር አድርገህ

$ጭማሪ ??= 0;

ብትል ቫሪያብሉ ከሌለ ዜሮ ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያም አይኖርም። እኔ በየቦታው የምጠቀመው ይህንኑ ነው።


አዌቱ_ማዶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ይቅርታ ወንድሜ ሊሙ፣ ይህ ምክር የሂርማታውን እዚያው ስህተት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ያ ምልክት እሴት የሚሰጠው ቫሪያብሉ ከሌለ ወይም ነል ከሆነ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሰው ላይ ሲደርስ $ጭማሪ 3 ሆኖ ስለሚያገኘው አይነካውም፤ 85ቱ ኪሎ ጀንፈል ዳግመኛ 255 ብር ያገኛል። እዚህ የሚፈለገው «ከሌለ ሙላ» ሳይሆን «ቢኖርም ባይኖርም ከዜሮ ጀምር» ነው፤ እርሱም ተራው እኩል ይሆናል ነው። ሁለቱ የጥያቄ ምልክቶች ከቅጽ ለመጣና ሊጎድል ለሚችል ነገር፣ ለምሳሌ አባሉ ላይሞላው ለሚችል የስልክ ቁጥር፣ ጥሩ ናቸው። እንደ በርበሬ በየወጡ የሚጨመሩ ግን አይደሉም።


ሊሙ_ኮድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡12

እህቴ፣ ልክ ነሽ። አሁን በራሴ ኮድ ላይ ስፈልግ ይህንኑ ምልክት በሦስት ሉፖች ውስጥ አገኘሁት። ሁለቱ ጉዳት የላቸውም፤ ሦስተኛውን ነገ ጠዋት አየዋለሁ፣ ዛሬ ማየት አልፈልግም።


ሦስተኛ_ዓመት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ሰላም ለታላላቆቼ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ። በሲ ፕላስ ፕላስ ስንጀምር መነሻ እሴት ያልተሰጠው የፈንክሽን ውስጥ ቫሪያብል በማስታወሻው ላይ ቀድሞ የነበረውን ማንኛውንም ትርፍራፊ ሊይዝ እንደሚችል ተምረናል፤ በጃቫ ደግሞ እሴቱ ሳይሰጥ ሊነበብ የሚችል ሎካል ቫሪያብል ካለ ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ጨርሶ አይቀበለውም። ታዲያ ፒኤችፒ ለምን ዝም ብሎ ያሳልፋል? መከልከል አይችልም ነበርን?


የድሮ_ሰርቨር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ መልሱ ታሪክ አለው። ፒኤችፒን ራስመስ ለርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲያወጣው ድረ ገጽ በቀላሉ ለመሥራት የሚረዳ መሣሪያ ነበር እንጂ እንደ ጃቫ ሁሉን አስቀድሞ የሚመረምር ቋንቋ አልነበረም። ሰው ቅጽ ሞልቶ ሲልክ ገጹ ሳይቆም እንዲሠራ ማድረግ ቀዳሚው ሐሳብ ነበር፤ ያልተፈጠረ ቫሪያብልን እንደ ነል ማሳለፍም ከዚያው የመጣ ልማድ ነው።

በእኛ ጊዜ የባሰ ነገር ነበር። ሬጂስተር ግሎባልስ የሚባል ቅንብር ሲበራ ሰው በአድራሻው መስመር ላይ የጻፈው ስም ሁሉ በቀጥታ ቫሪያብል ሆኖ ፕሮግራምህ ውስጥ ይገባ ነበር። የይለፍ ቃሉ ትክክል ከሆነ $ገብቷል እውነት ይሁን ብለህ ጽፈህ፣ ከዚያ በላይ ሐሰት ይሁን ብለህ ካልጀመርክ፣ ማንም መንገደኛ በአድራሻው መጨረሻ ላይ ገብቷል=1 ብሎ ጽፎ በሩን ከፍቶ ይገባል። ስለዚህ ያን ጊዜ መነሻ እሴት መስጠት የቁልፍ ጉዳይ ነበር። ቅንብሩ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው በ4.2.0 ሳይበራ እንዲመጣ ተደረገ፤ በ2012 በወጣው በ5.4 ደግሞ ጨርሶ ተወገደ። እኔ የጻፍኩት አንድ የምዝገባ ገጽ ሰርቨሩ በታደሰ ማግስት ግማሹ መሥራት ሲያቆም ነው ምን ያህል በዚያ ላይ ተደግፌ እንደኖርኩ ያወቅሁት። ዛሬም ቢሆን ከቅጽ የመጣውን ሁሉ ኤክስትራክት በሚባለው ፈንክሽን ወደ ቫሪያብል የሚበትን ኮድ ስታዩ ያ የድሮ በር እንደገና መከፈቱ ነውና ተጠንቀቁ።

ከ8.0 በፊት፣ ቅንብሩን ካልነካኸው በቀር፣ ያልተፈጠረ ቫሪያብል ሲነበብ የሚወጣው ማሳሰቢያ ከነጭራሹ ተደብቆ ነበር የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ገደማ 8.0 ሲወጣ ነገሩ ወደ ማስጠንቀቂያ ከፍ አለ፤ ለ9.0 ደግሞ ፕሮግራሙን በኤረር እንዲያስቆም ተወስኗል። የጃቫ ዓይነት ጥብቅነት እየቀረበ ነው፤ ሆኖም የሂርማታው ያጋጠመውን ዓይነት 9.0ም አይዝለትም፤ ቫሪያብሉ ተፈጥሯልና።


ሦስተኛ_ዓመት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡45

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ እስካሁን ያልገባኝን አስገባልኝ።


የቆጪ_ልጅ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡15

እኔ በአንድ ነገር ላይ አልስማማም። ሁሉም ሰው «ዜሮ ብለህ ጀምር» ይላል፤ ዜሮ ግን ትርጉም ያለው ቁጥር ነው። ጭማሪው ዜሮ ቢሆን እውነት ነው፣ ጀንፈል ጭማሪ የለውምና። ክብደትን ዜሮ ብለህ ብትጀምርስ? የሚዛኑ ንባብ ሳይመዘገብ የቀረ አባል ዜሮ ኪሎ እንዳስረከበ ተቆጥሮ ዜሮ ብር ይታተምለታል፤ ማንም ምንም አይልም፣ ሰውየው መስኮቱ ላይ መጥቶ እስኪጮህ ድረስ። ለአንድ መድኃኒት ቤት የሠራሁት የዕቃ ቆጠራ ላይ እንዲህ አድርጌ ያልተቆጠረውን መድኃኒት «አልቋል» ብሎ እንዲያሳይ አድርጌው ነበር፤ መደርደሪያው ሞልቶ ሳለ አዲስ ታዘዘ።

ነል ብሎ መጀመርም ብቻውን አያድንም። ነል በ85 ሲባዛ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ዜሮ ይሆናልና፤ ማስጠንቀቂያው ለሌለ ቫሪያብል እንጂ ነል ለተባለ ቫሪያብል አይደለም። ነል ካልክ ከስሌቱ በፊት «አሁንም ነል ነውን?» ብለህ መጠየቅና ከሆነ ማስቆም ግዴታህ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው በየቅርንጫፉ እሴት መስጠት ነው። እሸት ከሆነ 3፣ ጀንፈል ከሆነ 0፣ ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ በኤክሴፕሽን ይቁም። ከ8.0 ጀምሮ ያለው ማች የሚባል የምርጫ አጻጻፍ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ከተጻፉት አማራጮች ከአንዱም ጋር የማይገጥም ነገር ሲመጣበት ራሱ ኤረር ይጥላል። አናት ላይ ዜሮ የሚል መስመር ስትደነቅር ግን ቅርንጫፍ ረስተህ እንደሆነ የሚነግርህን አፍ ዘጋህ ማለት ነው።


አጋሮ_መንገድ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00

ይህ ክርክር ተገቢ ነው፤ በማች ላይ እኔም እሸነፋለሁ። ለሚጠራቀም ነገር ግን፣ ለድምር፣ ለቆጣሪ፣ ለአሬይ (ብዙ እሴት ለሚይዝ ዝርዝር)፣ መነሻ ከመስጠት ሌላ መንገድ የለም፤ እዚያ ዜሮና ባዶ አሬይ ውሸት አይናገሩም፤ ገና ምንም አልተደመረምና።


የሂርማታው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀን መብራት ጠፍቶብን ስለነበር ዘገየሁ። $ጭማሪን ወደ ማች ቀየርኩት፤ ሁለቱ ኅትመቶች አንድ ድምር ሰጡ። ያልጠበቅሁት ነገር ግን ማቹ በሁለት አባላት ላይ ቆመ፤ በመዝገቡ ላይ «ጀንፈል» መባል የነበረበት «ጀንፈር» ተብሎ ተመዝግቦ ኖሯል። የቀድሞው ኮዴ ቢሆን ኖሮ እነዚህንም የጎረቤታቸውን ጭማሪ አሸክሞ ያሳልፋቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሌሎች ሉፖችን ስፈትሽ ሌላ አገኘሁ። በየመንደሩ የአስረካቢዎችን ስም የምሰበስበው እንዲህ ነው፦

$ስሞች[] = $ስም;

ከዚህ በፊት $ስሞች ባዶ አሬይ ነው ብዬ አልጻፍኩም። የሁለተኛው መንደር ዝርዝር የመጀመሪያውን መንደር ሰዎች ጨምሮ ይወጣል፤ የሦስተኛው የሁለቱንም። ያስገረመኝ ግን መጀመሪያ ላይ አሬዩ ሳይኖር እንኳ ማስጠንቀቂያ አለመውጣቱ ነው። ይህ በእናንተም ዘንድ እንዲህ ነውን?


አዌቱ_ማዶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

አዎ፣ በሁሉም ዘንድ እንዲሁ ነው። በባዶ ቅንፍ ወደሌለ አሬይ ስትጨምር ፒኤችፒ አሬዩን በዝምታ ይፈጥርልሃል፤ 8.0ም ይህን አልነካውም። ማስጠንቀቂያ የሚመጣው አንድም አስረካቢ ከሌለበት መንደር ስትጀምርና ያልተፈጠረውን አሬይ በፎርኢች ልታልፍበት ስትሞክር ነው፤ በካውንት ልትቆጥረው ብትሞክር ደግሞ ከ8.0 ወዲህ በኤረር ያቆምሃል። ይኸውም ስህተቱ የሚገለጠው ባዶ በሆነ ቀን ብቻ ነው ማለት ነው፤ በመከር ወራት መንደሮቹ ሁሉ ስለሚያስረክቡ ሙከራህ ሁሉ ያልፋል። $ስሞች = []; የሚለውን የመንደሩ ሉፕ የመጀመሪያ መስመር አድርገው።

ሌላም ልጨምር። በሉፕ ውስጥ አሬዩን ለመለወጥ የአምፐርሳንድ ምልክት አድርገህ በሪፈረንስ የምታልፍ ከሆነ፣ ሉፑ ካለቀ በኋላ ቫሪያብሉ ከመጨረሻው ረድፍ ጋር እንደተሳሰረ ይቀራል፤ በዚያው ስም ሌላ ሉፕ ስትጀምር የመጨረሻውን አባል መዝገብ በሌላ ይተካብሃል። ሉፑ እንዳለቀ በአንሴት ማሰናበት ነው።


ሦስተኛ_ዓመት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ትንሽ ጥያቄ አለኝ። እዚህ የተጻፉት የአማርኛ ቫሪያብሎች ለማስረዳት ብቻ ናቸው ወይስ በእርግጥ ይሠራሉ?


የድሮ_ሰርቨር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ይሠራሉ። ፒኤችፒ በቫሪያብል ስም ውስጥ ከ128 እስከ 255 ያሉትን ባይቶች ሁሉ ስለሚቀበል፣ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ከተቀመጠ የግዕዝ ፊደል ያለ ችግር ያልፋል። ነገር ግን እዚሁ ላይ የእኛው የራሳችን ወጥመድ አለ። የሂርማታው በመጀመሪያ መልእክቱ «ሒሳቡ» ብሎ በሐመሩ ሐ ጽፏል፤ እኔ ብሆን በሃሌታው ሀ «ሂሳቡ» እላለሁ። ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፤ ለፒኤችፒ ግን $ሒሳብ እና $ሂሳብ የማይተዋወቁ ሁለት ቫሪያብሎች ናቸው። አንዱን ዜሮ ብለህ ጀምረህ በሌላው ላይ ብትደምር፣ በመጨረሻ የምታትመው የጀመርከውን ዜሮ ነው። ሰና ሠ፣ ጸና ፀ፣ አና ዐም እንዲሁ። $ዓመት፣ $አመት እና $ዐመት ብለው ሦስት ሰዎች በአንድ ፋይል ውስጥ ቢጽፉ ማን ይፈርዳል?


አጋሮ_መንገድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጋሼ፣ በላቲን ፊደል የምንጽፈውም አላመለጥንም። እዚህ ብዙዎቻችን ስሞቹን በኦሮምኛ እናወጣለን፤ «ጋቲ» የሚለው ቃል፣ ዋጋ ማለት ነው፣ በቁቤ ሲጻፍ መጨረሻው ሁለት «አይ» ነው። አንዱ በፍጥነት ሲጽፍ አንድ «አይ» ያስቀርና አዲስ ቫሪያብል ይወልዳል። እኔ በዚህ የተነሣ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ። መነሻ እሴት የመስጠት ልማድ እዚህ ላይ የሚረዳው፣ ያልጀመርከው ስም ሁሉ ባዕድ መሆኑ ስለሚታወቅና ማስጠንቀቂያው ትርጉም ስለሚኖረው ነው፤ ሎጉ አስቀድሞ በመቶ ማስጠንቀቂያ ከተሞላ ግን አንድ መቶ አንደኛውን ማን ያየዋል?


የቆጪ_ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡35

ዓይን አይበቃም። ፒኤችፒስታን የሚባለውን መሣሪያ አስገቡ፤ ፕሮግራሙን ሳያስኬድ ኮዱን ያነባል። በደረጃ 0 ፈጽሞ ያልተፈጠረውን ቫሪያብል ይይዛል፤ በደረጃ 1 ደግሞ በአንዱ ቅርንጫፍ ተፈጥሮ በሌላው ሊጎድል የሚችለውን ይናገራል። የሂርማታውን የመጀመሪያ ኮድ ብትሰጡት «$ጭማሪ ላይኖር ይችላል» ይል ነበር፤ አናት ላይ ዜሮ የተጻፈበትን ሁለተኛውን ኮድ ብትሰጡት ግን ዝም ይላል። ቀን ላይ ያልኩት ይኸው ነው። በሰርቨሩም ላይ ማስጠንቀቂያዎች በገጹ ላይ እንዳይታዩ፣ በሎጉ ግን አንድም ሳይቀር እንዲጻፉ አድርጉ፤ አት የሚባለውን @ ምልክት ከቫሪያብል ፊት እያስቀመጡ ማፈን ግን ችግሩን ማቆየት ነው።


የሂርማታው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

መሣሪያውን በደረጃ 1 አስኬድኩት፤ 14 ቦታ ጠቆመኝ። አሥራ አንዱ ኤልስ የሌላቸው ኢፎች ናቸው፤ ሁለቱ በሉፕ ውስጥ ብቻ ተፈጥረው ከሉፑ በኋላ የሚነበቡ ናቸው፤ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ አይኖሩም። አሥራ አራተኛው የትራንስፖርት ተቀናሽ የሚደመርበት መስመር ነው፦ ከላይ $ሒሳብ = 0; ብዬ ጀምሬ፣ 60 መስመር ወርጄ $ሂሳብ ላይ ደምሬያለሁ። ጋሼ የድሮ ሰርቨር፣ እርስዎ ያሉትን በራሴ ፋይል አየሁት፤ የትራንስፖርት ተቀናሹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከማንም ላይ ተቀንሶ አያውቅም ነበር።

ለገንዘብ ያዡ ሁለቱንም ነገርኳቸው። ያለአግባብ የተጨመረው ቀጣዩ ክፍያ ላይ እንዲስተካከል አባላቱ ተስማምተዋል፤ የትራንስፖርቱን ግን ስብሰባ ሳይጠራ አንነካውም ብለውኛል።